መሣሪያው ከመግባቱ በፊት መዝገባችን ይስተካከል

(ይህ ጽሑፍ በሰፈራችን የመረዳጃና የልማት ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የማኅበሩ ጸሐፊ ያደረጉት ንግግር ነው። በስብሰባው ለመገኘት ያልቻሉ ነዋሪዎች እንዲያነቡት ሙሉ ቃሉ በዚህ ሰሌዳ ላይ ወጥቷል።)



ዛሬ እንድናገር የታዘዝኩት ስለ አንድ ጉዳይ ነው። ይኸውም ማኅበራችን ለገንዘብ ማሰባሰብ ሥራው ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተባለውን የኮምፒዩተር መሣሪያ እንዲጠቀም ከወጣቶች ክፍል የቀረበውን ሐሳብ የሚመለከት ነው። ኮሚቴው በሦስት ስብሰባ ተወያይቶበታል። ውሳኔውን ከመናገሬ በፊት ግን የተፈጸመ አንድ ስሕተት ልንገራችሁ። ስሕተቱ የእኛው ነው፤ ስለሆነም ከእኛው አፍ ብትሰሙት ይሻላል።

ባለፈው ጥር ወር ከወጣቶቻችን አንዱ፣ በቅን ልቡና ተነሣሥቶ፣ የወርኃዊ መዋጮ መዝገባችንን በኮምፒዩተር ጽፎ ሲያበቃ በስልኩ ላለው መሣሪያ ሰጠው። «ያልከፈሉትን ለይልኝ፤ ለእያንዳንዳቸውም የማስታወሻ ደብዳቤ ጻፍልኝ» አለው። እኛ ሁለት ሌሊት የምንፈጀውን ሥራ መሣሪያው ቡናው ሳይፈላ ጨረሰው። ሠላሳ አንድ ደብዳቤ ወጣ። ኮሚቴው ተደሰተ፤ እኔም ፈረምኩ። ሳላመሳክር ፈረምኩ።

በማግሥቱ ጧት አንዲት እናታችንን ቢሯችን በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ደብዳቤውን በእጃቸው ይዘዋል። የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው የስምንት ወር ደረሰኝ ጠረጴዛው ላይ ደረደሩልኝ። ደብዳቤው «የስምንት ወር መዋጮ አልከፈሉም» ይላል፤ ደረሰኞቹ ግን አንድም ወር አልተጓደለባቸውም። ነገሩ ሲጣራ፣ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ደረሰኙ የሚቆረጠው በእሳቸው ስም ኖሯል፤ መዝገቡ ላይ ደግሞ ያለው እስከ ዛሬ የአባወራው ስም ነው። የከፈሉት ገንዘብ በሌላ ገጽ፣ ማንም በማያየው ቦታ ተጽፎ ተቀምጧል።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «ብሩ አይደለም የከነከነኝ። ስሜ ከማይከፍሉ ሰዎች ጋር መጻፉ ነው።»

ጎንበስ ብዬ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ እሳቸውም ይቅር አሉን። ይሁንና ያን ዕለት አንድ ነገር ገባኝ። መሣሪያው የሰጠነውን ነው የመለሰልን። የተበላሸው መዝገባችን ነው። እንግዲህ የዛሬው ንግግሬ ዋና ሐሳብ ይኸው ነው፤ መሣሪያው የተዝረከረከ ቤት አያስተካክልም፤ ዝርክርኩን ያፈጥነዋል እንጂ። ከመሣሪያው በፊት መዘጋጀት ያለበት ማኅበሩ ነው።

መሣሪያው ምንድን ነው?

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ብዙ ይነገራል፤ ግማሹ ያስፈራል፣ ግማሹ ያስጎመዣል። በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 2015 ዓ.ም. ቻት ጂፒቲ የሚባለው ለሕዝብ ከተለቀቀ ወዲህ ወሬው በየቤቱ ገብቷል። የዚህ ዓይነቱ መሣሪያ እጅግ ብዙ ጽሑፍ እንዲያጠና ተደርጎ የተሠራ ነው። ካጠናው በመነሣት «ከዚህ ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለው ቃል የትኛው ነው?» እያለ ቃል በቃል እየቀጠለ ይጽፋል። ደብዳቤ ያረቅቃል፣ ረጅሙን ያሳጥራል፣ ይተረጉማል፣ ዝርዝር ይለያል። ነገር ግን የማያውቀውን ሲጠየቅ አላውቅም ከማለት ይልቅ ብዙ ጊዜ እውነት የሚመስል ነገር ፈጥሮ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2023 ኒውዮርክ ውስጥ ጠበቆች መሣሪያው የፈጠረላቸውን፣ ከቶ ያልነበሩ የፍርድ ቤት ውሳኔዎች ጠቅሰው ለዳኛ በማቅረባቸው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። ሰዎቹ የተማሩ ናቸው፤ ጥፋታቸው ሳያመሳክሩ መፈረማቸው ነው። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ልዩነታችን እኔ ዳኛ ፊት አለመቅረቤ ብቻ ነው።

በአማርኛ ሲሆን ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመራል። መሣሪያዎቹ በይበልጥ ያጠኑት እንግሊዝኛ ነው፤ ያገኙት የአማርኛ ጽሑፍ ከዚያ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ አንዳንዴ ያምርላቸዋል፣ አንዳንዴ ደግሞ እንደ እንግዳ ሰው ይኮላተፋሉ። ኮሚቴው ይህን ለማየት አንድ ሙከራ አድርጓል። ኩላሊቱን ለታመመው ጎረቤታችን፣ በእሱ ፈቃድና ስሙን ሳንጠቅስ፣ የእርዳታ ጥሪ እንዲያረቅቅልን ጠየቅነው። ወዲያው ጻፈ። «የአምስት ልጆች አባት» አለው። ጎረቤታችን ያሉት ሁለት ሴቶች ልጆች ናቸው፤ እኛም ስለ ልጅ ምንም አልነገርነውም ነበር። ቀጥሎም «ውድ ለጋሽ፣ ልብዎን ይክፈቱ» ይላል። እንዲያው በዚህ ሰፈር ጎረቤቱን «ውድ ለጋሽ» ብሎ የሚጠራ ማን አለ? ያ ጽሑፍ ሳይነበብ ሰሌዳው ላይ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ሰው መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ «ሦስቱ ልጆች ከየት መጡ?» ይላል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ እውነተኛውን ጥሪያችንንም አያምንም።

ምን ሊጠቅመን ይችላል?

ይህን ሁሉ የምለው ሐሳቡን ለመቃወም አይደለም። የወጣቶቹ ሐሳብ መሠረት አለው። እንደምታውቁት የማኅበራችን ጽሕፈት ሥራ በሁለት ሰው ትከሻ ላይ ነው፤ ሁለቱም የቀን ሥራ አላቸው። ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከፊሉ መዋጮ በስልክ፣ ከፊሉ በባንክ፣ ከፊሉ በእጅ ይመጣል። ሦስቱን ማመሳከር ራሱን የቻለ ሥራ ሆኗል። በዋሽንግተን፣ በሪያድና በሌላም አገር ያሉ የሰፈራችን ልጆች ገንዘብ ይልካሉ፤ እኛ ግን ሒሳቡን ቀርቶ ምስጋናውን እንኳ በጊዜው አናደርስም። እዚያ የተወለዱት ልጆቻቸው ደግሞ አማርኛ ማንበብ ያዳግታቸዋል፤ በእንግሊዝኛ የሚጽፍላቸው አላገኘንም።

ገንዘብ ማሰባሰብ ማለት መጠየቅ ብቻ አይደለም፤ ማመስገንና ሒሳብ ማሳወቅም ጭምር ነው። ለታላቁ የሕዳሴ ግድብ ሕዝቡ የወር ደመወዙን የሰጠው፣ ቦንድ የገዛው፣ በ8100 አጭር መልእክት የላከው ገንዘቡ የት እንደሚውል ስላወቀ ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ የተጣለው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ሁሉም «የእኔም አለበት» ለማለት በቅቷል። የእኛም ሰው «ያዋጣሁት ምን ላይ ዋለ?» ብሎ ሲጠይቅ በሰዓቱ ካልመለስንለት በሚቀጥለው ወር እጁ ይሰበሰባል። እንግዲህ መሣሪያው ምስጋናውን ቢያረቅቅልን፣ ትርጉሙን ቢያግዘን፣ ሦስቱን ዝርዝሮች ቢያመሳክርልን፣ ቃለ ጉባኤውን ቢያሳጥርልን ብዙ ይጠቅመናል።

ስለዚህ ምን ይደረግ?

ኮሚቴው ስድስት ነገሮች እንዲቀድሙ ወስኗል።

አንደኛ፤ መዝገቡ ይጥራ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ዋናው ሥራ ይኼ ነውና። እንደሚታወቀው የእኛ ስም አጻጻፍ ብዙ መልክ አለው። አንዱ «ኃይሉ» ይላል፣ አንዱ «ሀይሉ»፣ ሌላው «ሃይሉ» ይላል። ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ለመሣሪያው ግን ሦስት ሰው ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ ስማቸውም የአባታቸውም ስም አንድ የሆነ ሁለት ነዋሪዎች አሉን፤ እነሱን አንድ ሰው ሊያደርጋቸው ይችላል። ስለሆነም እያንዳንዱ አባል ቤት የማይለወጥ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ደረሰኝም በቁጥሩ ይቆረጣል። የቀን አቆጣጠሩም እንደዚሁ ነው። ከባንክ የሚመጣው መልእክት በአውሮፓውያን ዘመን ነው፤ ደረሰኛችን በእኛ ነው። አንዱ ጸሐፊ ሴፕቴምበርን «መስከረም» ብሎ ገልብጦት፣ የነሐሴ መጨረሻ ክፍያ የአዲሱ ዓመት ሆኖ ተገኝቷል። የጳጉሜን ክፍያማ አንዳንዴ ወደ ነሐሴ፣ አንዳንዴ ወደ መስከረም ይሄዳል። ከእንግዲህ ሁሉም በእኛ አቆጣጠር፣ ቀን፣ ወርና ዓመት ተለይቶ ይጻፋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ በአባወራ ስም ብቻ የተመዘገበው ቤት ሁሉ የባልም የሚስትም ስም እንዲኖረው ይደረጋል። ባል ሲሞት ሚስት ከመዝገብ የምትጠፋበት አሠራር ይቁም። ይህ መሣሪያ መጣ አልመጣ መስተካከል የነበረበት ጉዳይ ነው፤ ዘግይተናል።

ሁለተኛ፤ ሁለቱ መዝገቦች ይለያዩ። ማኅበራችን ሁለት መዝገብ አለው። አንደኛው የሚያዋጣው ሰው ነው። ሁለተኛው የተረዳው ሰው ነው፤ ማን ኩላሊቱን ይታጠባል፣ የማን ቤት ኪራይ ተከፈለ፣ የማን ልጅ ከትምህርት ቤት እንዳይቀር ተደረገ፣ ይህ ሁሉ የተጻፈበት። በጥር ወር የወጣው አንደኛው መዝገብ ነው፤ እሱም ቢሆን ያለ ፈቃድ መውጣት አልነበረበትም። ሁለተኛው ግን እዚያው መሳቢያ ውስጥ ነበር። እሱ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እናንተ ፊት ለመቆም ባልደፈርኩ።

እንዲህ ያለው ነገር በትልልቆቹም ደርሷል። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ኮምፒዩተሮች ተሰብረው ከ515,000 የሚበልጡ ችግር ላይ ያሉ ሰዎች መረጃ በሌላ እጅ ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ብላክቦድ የተባለው፣ ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች የለጋሾችን መዝገብ የሚይዝ የአሜሪካ ኩባንያ ተዘርፎ የብዙ ሺህ ድርጅቶች መረጃ ተወስዷል፤ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2023 ለአሜሪካ ክፍላተ ሀገራት 49.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። እነዚህ ጠባቂ የቀጠሩ ናቸው። የእኛ ጠባቂ የመሳቢያው ቁልፍ ነው። በአገራችንም የግል ዳታ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የሰውን የጤና ሁኔታ የሚገልጽ መረጃ ልዩ ጥንቃቄ የሚያሻው መሆኑን ይደነግጋል። ስለሆነም የተረጂዎች መዝገብ ወደ ማናቸውም መሣሪያ አይገባም፤ በወረቀት፣ በሁለት ቁልፍ ይቀመጣል። አንድ ሰው ችግሩን የነገረን ለእኛ ነው። የነገረንን ለሌላ አሳልፎ መስጠት አደራ መብላት ነው።

ሦስተኛ፤ አንድ ገጽ ደንብ ይጻፍ። በመሣሪያው የተረቀቀ ማናቸውም ጽሑፍ ሁለት ሰው አንብቦ ሳይፈርምበት አይወጣም። ቁጥር ሁሉ ከደረሰኝ ጋር ይመሳከራል። በመሣሪያ የተሠራ ሥዕል ወይም ፎቶግራፍ ለእርዳታ ጥሪ አይውልም። አምነስቲ ኢንተርናሽናል እ.ኤ.አ. በ2023 ስለ ኮሎምቢያ የተቃውሞ ሰልፎች በመሣሪያ የተሠሩ ሥዕሎች አውጥቶ፣ ወቀሳ ሲበዛበት አንሥቷቸዋል። የተቀነባበረ ፊት እውነተኛውን ችግር ሐሰት ያስመስለዋል። እንዲሁም ማን ይረዳ፣ ማን ይቆይ የሚለውን መሣሪያው አይወስንም፤ እሱ የኮሚቴው ሥራ ነው፣ ተጠያቂውም ኮሚቴው ነው።

አራተኛ፤ ሰው ይሠልጥን፣ ሰው አይባረር። ገንዘብ ያዣችን ይህን ሐሳብ እንደሰሙ «እንግዲህ እኔን አሰናብቱኛ» ብለው ነበር። አባታችን፣ በዚህ ጉባኤ ፊት ልንገርዎት፤ ያን የጥር ዝርዝር ለእርስዎ አሳይተንዎት ቢሆን ኖሮ «ኧረ እሳቸው ከፍለዋል፣ እኔው ነኝ የተቀበልኳቸው» ባሉን ነበር። ስሕተቱ በአንድ ደቂቃ ይታረም ነበር። አላሳየንዎትም። እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ የአመጋገብ ሕመም ያለባቸውን የሚረዳ አንድ ማኅበር የስልክ መስመሩን ለመዝጋት ወስኖ፣ በኮምፒዩተር የሚመልስ መሣሪያ ላይ ቢተማመን፣ መሣሪያው ለሕመምተኞች የክብደት መቀነሻ ምክር ሲሰጥ ተገኘና እንዲነሣ ተደርጓል። ስለዚህ ሦስት ወጣቶችና ሦስት በዕድሜ የገፉ አባላት ጥንድ ጥንድ ሆነው ይሠራሉ። ወጣቱ መሣሪያውን ያስተምራል፤ አዛውንቱ ሰፈሩን ያስተምራል።

አምስተኛ፤ ከአጭበርባሪ እንጠበቅ። እኛ መሣሪያውን ባንጠቀም እንኳ ሌባው ይጠቀምበታል። ዛሬ የሰው ድምፅ ከአጭር ቅጂ ተነሥቶ ሊመሰል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ሆንግ ኮንግ ውስጥ አንድ የኩባንያ ሠራተኛ አለቆቹን በቪዲዮ ያነጋገረ መስሎት 25 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለአጭበርባሪዎች አስተላልፏል፤ የታዩት ሰዎች ሁሉ የተቀነባበሩ ነበሩ። ስለሆነም አደራ የምላችሁ ይህን ነው፤ የእኔ ድምፅ በስልክ «ለእገሌ ቀብር ቶሎ በዚህ ቁጥር ላኩ» ቢላችሁ አትላኩ። የማኅበሩ የባንክ ሒሳብ ቁጥር የሚገኘው በዚህ ሰሌዳ ላይ፣ በማኅተም ተረጋግጦ ብቻ ነው። ቁጥሩ ከተለወጠ በስብሰባ ይነገራል እንጂ በስልክ አይነገርም። ወጪም ያለ ሁለት ፊርማ አይወጣም። ጥርጣሬ ቢገባችሁ ስልኩን ዝጉና በእግራችሁ ኑ፤ ቢሮው ሩቅ አይደለም።

ስድስተኛ፤ ጀማሬው ትንሽ ይሁን። መዝገቡ ከጠራ በኋላ ለሦስት ወር አንድ ሥራ ብቻ ይሞከራል፤ እሱም የምስጋና ደብዳቤ ማርቀቅ ነው። ስም ሳይገባበት ይረቀቃል፤ ስሙን ጸሐፊው በእጁ ይሞላል። ስንት ሰዓት እንዳተረፈልን፣ ስንት ስሕተት እንደታረመ፣ ስንት ብር እንደወጣበት ተጽፎ ለዚህ ጉባኤ ይቀርባል። ከጠቀመ ወደ ሁለተኛው ሥራ እንሄዳለን፤ ካልጠቀመ እናቆማለን። የወረቀት ደረሰኝ ግን አይቀርም።

ለሚነሡ ሐሳቦች መልስ

አንዳንድ አባቶች «እርዳታ የልብ ጉዳይ ነው፤ ምን መሣሪያ ያስፈልገዋል?» ይላሉ። እውነት ነው፣ የልብ ጉዳይ ነው። ልብ ያለው ሰው ግን ዝርዝር ሲገለብጥ የሚያድር ከሆነ የታመመውን ለመጠየቅ ጊዜ አይኖረውም። መሣሪያው የሚተርፍልን ጊዜ ከሰጠን፣ ያ ጊዜ በየቤቱ ለመሄድ ይዋል። ካልሆነ ትርፉ ምንድን ነው?

ወጣቶች ደግሞ «ሌላው ሄዶ እኛ ቀረን፤ ለምን ነገ አንጀምርም?» ትላላችሁ። ልጆቼ፣ መቸኮላችሁን አልጠላም። ነገር ግን የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ገንዘብ ቢፈስ ይለቀማል፤ የሰው ምስጢር ከፈሰሰ በምን ይለቀማል? ሦስት ወር ረጅም አይደለም። ማኅበሩ የተቋቋመው ለዕድሜ ልክ ነው።

የተከበራችሁ ነዋሪዎች፤

ንግግሬን ለማጠቃለል፣ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ አንድ ወጣትና አንድ አዛውንት እየሆኑ አጣሪዎች በየቤታችሁ ይመጣሉ። ደረሰኞቻችሁን አዘጋጁ። ስማችሁ እንዴት እንዲጻፍ እንደምትፈልጉ ንገሯቸው። ባለቤታቸው ያረፉባቸው እናቶችና አባቶች በተለይ አትለፉን። የተረዳችሁ ወገኖች ደግሞ አትሥጉ፤ ስለ እናንተ አንድም ጥያቄ ደጅ ላይ አይጠየቅም።

ስለ አጣሪዎቹ አንድ ነገር ላክል። በነጠላቸው ጫፍ ደረሰኝ ቋጥረው የመጡትን እናታችንን የአጣሪ ቡድኑ አባል እንዲሆኑልን ለምነናቸው ነበር። ትንሽ አሰብ አደረጉና «እሺ፤ እኔ እንደደረሰብኝ በሌላ ሰው እንዳይደርስ» አሉን። ቡድኑ መጀመሪያ የሚያጣራው ያን ሠላሳ አንድ ደብዳቤ ነው። እስካሁን ሌሎች አራት ቤቶችም ያለ ጥፋታቸው እንደተጻፈባቸው ደርሰንበታል። በአራቱም ቤት እኔው ራሴ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄአለሁ።



ማሳሰቢያ፦ በዚህ ንግግር ላይ አስተያየት ወይም ተቃውሞ ያለው ነዋሪ በጽሑፍ አድርጎ በማኅበሩ ቢሮ በር ላይ በተሰቀለው የአስተያየት ሣጥን ውስጥ ሊከት ይችላል። መጻፍ የማይችል በቃሉ ቢናገር ጸሐፊው ይጽፍለታል።